«ዋዠቀ» ስንል ምን እያልን ነው?

የዓለም የነዳጅ ዋጋ «መዋዠቁን ቀጥሏል» የሚል ዜና የሰማ ሰው፣ ዋጋው ወጣ ወይስ ወረደ ለሚለው ጥያቄ ከዓረፍተ ነገሩ መልስ አያገኝም። ዝርዝሩን ሲከታተል ግን አንዳንዴ የሚደርስበት ዋጋው ለተከታታይ ሳምንታት እየጨመረ መምጣቱን ነው። አንድ ገንዘብ ለዓመታት ያለማቋረጥ ሲዳከም «የምንዛሪ መዋዠቅ» ይባላል። ሙቀት ከአሥር ዓመት ወደ አሥር ዓመት እየጨመረ ሲሄድ «የአየር ንብረት መዋዠቅ» ይባላል። መብራት ጭራሹን ሲጠፋ እንኳ «የኃይል መዋዠቅ» የሚል ማብራሪያ ይሰማል። ቃሉ ከአንድ ሙያ ወደ ሌላው በተሻገረ ቁጥር ትርጉሙ እየላላ መጥቶ፣ «ያልተፈለገ ለውጥ» ከማለት ያለፈ ፍቺ የማይኖርበት ጊዜ አለ።

ጉዳዩ የቋንቋ ሰዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። «መዋዠቅ» በውስጡ አንድ ተስፋ ይዟል፤ የዋዠቀ ነገር ይመለሳል። ዋጋ ዋዠቀ የተባለ ሸማች ግዢውን ለጊዜው ያቆያል፤ የመንግሥት በጀት አዘጋጅም ጉድለቱን በጊዜያዊ ድጎማ ለመሸፈን ያስባል። የሆነው ነገር የማይመለስ ከነበረ ግን ሁለቱም የጠበቁት አይመጣም፤ ለተሳሳተው ስሌታቸውም ቃሉ የራሱ ድርሻ አለው።

ቃሉ የሚጠይቀው

ስለ ሰው ስንናገር ቃሉን አንስተውም። ትናንት ደግፎ ዛሬ የሚቃወም፣ ነገ ደግሞ ተመልሶ የሚደግፍ ሰው «አቋሙ ይዋዥቃል» ይባላል። አቋሙን አንድ ጊዜ ቀይሮ በአዲሱ የጸና ሰው ግን «ሐሳቡን ቀየረ» ይባላል እንጂ ዋዠቀ አይባልም። በዚህ በተለመደ አነጋገር ውስጥ የቃሉ መስፈርቶች ተሟልተው ይገኛሉ። እንቅስቃሴው ወደ ሁለቱም አቅጣጫ መሆን አለበት፤ አንድ ጊዜ ሆኖ የሚቀር ሳይሆን የሚደጋገም መሆን አለበት፤ ድግግሞሹም አስቀድሞ የሚታወቅ ልክ የለውም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ወጣ ወይም ወረደ የሚያሰኝ አንድ የተለመደ ደረጃ መኖር አለበት፤ መነሻ የሌለው ነገር ሊዋዥቅ አይችልም።

ጎረቤት ቃላቱ ይህን ሁሉ አይጠይቁም። «መለዋወጥ» ሰፊ ነው፤ የአየር ጠባይም ይለዋወጣል፣ ሰዎችም ሐሳብ ይለዋወጣሉ፤ የግሱ ቅርጽ መደጋገምን ይነግረናል እንጂ ስለ ከፍታና ዝቅታ ምንም አይልም። «መወላወል» የመወሰን ችግር ስለሆነ አሳቢ ባለቤት ይፈልጋል፤ ዋጋ አይወላውልም። «መናጋት» መሠረቱ የተነቃነቀ ነገርን ያመለክታል፤ የተናጋ ነገር በራሱ ጊዜ ይመለሳል ብሎ የሚጠብቅ የለም። «ዑደት» ደግሞ ተመልሶ የሚመጣበት ጊዜ የታወቀ እንቅስቃሴ ነው። የባሕር ውኃ በጨረቃና በፀሐይ ስበት ከፍና ዝቅ የሚልበት ሰዓት ከዓመት በፊት ተሰልቶ ሊታተም ስለሚችል፣ ውኃው በየቀኑ ቢወጣና ቢወርድም ዋዠቀ ማለት አይቻልም።

በውጭ ቋንቋ «ፍላክቹዌሽን» የሚባለው ቃል የላቲን ሥሩ ማዕበል ማለት ነው፤ በገንዘብ ገበያ ከእሱ ጋር ተያይዞ የሚነሳው «ቮላቲሊቲ» ደግሞ መብረር ከሚል የላቲን ግስ የመጣ ነው። በአማርኛ ሁለቱም ብዙ ጊዜ «መዋዠቅ» ተብለው ይተረጎማሉ፤ ልዩነታቸው ግን መታወቅ ይኖርበታል። የመጀመሪያው ክስተቱን፣ ማለትም መውጣትና መውረዱን፣ ይጠራል። ሁለተኛው የክስተቱን መጠን ይለካል፤ «ምን ያህል ይዋዥቃል?» ለሚለው ጥያቄ በቁጥር የሚሰጥ መልስ ነው።

አምስት ቁጥሮች

ልዩነቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። አንድ ዕቃ በአምስት ተከታታይ ሳምንታት 100፣ 104፣ 109፣ 115 እና 122 ተሸጠ እንበል፤ ሌላ ዕቃ ደግሞ በእነዚያው ሳምንታት 100፣ 112፣ 95፣ 118 እና 97 ተሸጠ እንበል። የመጀመሪያውን ናረ፣ ሁለተኛውን ዋዠቀ ለማለት ማንም አይቸገርም። ችግሩ የሚመጣው ቁጥሮቹ ወደ አንድ ማጠቃለያ ሲታጠፉ ነው።

ለመዋዠቅ መለኪያነት ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው «ስታንዳርድ ዴቪዬሽን» ነው፤ ይኸውም እያንዳንዱ ቁጥር ከአማካዩ በተለምዶ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚያሳይ ስሌት ነው። የመጀመሪያው ዕቃ አማካይ ዋጋ 110፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 7.8 ገደማ ይሆናል። የሁለተኛው አማካይ 104.4፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 9 ገደማ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ያልወረደ ዋጋና ሲወጣ ሲወርድ የከረመ ዋጋ በዚህ መለኪያ ተቀራራቢ ሆነው ይታያሉ። ሪፖርቱን ብቻ ያነበበ ሰው ሁለቱንም «ዋዠቁ» ቢል መለኪያው አያርመውም።

በዚህ ምክንያት በገበያ ትንተና ውስጥ የሚለካው በአብዛኛው ዋጋው ራሱ ሳይሆን ከአንዱ ሳምንት ወደ ቀጣዩ የታየው የመቶኛ ለውጥ ነው። በዚህ ስሌት የመጀመሪያው ዕቃ ለውጦች 4፣ 4.8፣ 5.5 እና 6.1 በመቶ ስለሆኑ ስታንዳርድ ዴቪዬሽናቸው ከአንድ በመቶ ነጥብ ያነሰ ነው። የሁለተኛው ለውጦች ግን በ12 በመቶ መጨመር፣ በ15.2 በመቶ መቀነስ፣ በ24.2 በመቶ መጨመርና በ17.8 በመቶ መቀነስ ናቸው፤ ስታንዳርድ ዴቪዬሽናቸው ወደ 18 ይጠጋል። አሁን ልዩነቱ ፊት ለፊት ይታያል። የመጀመሪያው ዕቃ ዋጋ የሚጎዳ ቢሆንም የሚገመት ነው፤ የሁለተኛው ዋጋ ግን በአምስተኛው ሳምንት ከመነሻው በታች ቢገኝም የሚቀጥለውን ሳምንት መገመት ያስቸግራል።

ሌላው የሚረሳ ነገር የምናይበት የጊዜ ርዝመት ነው። የሁለተኛውን ዕቃ ሦስተኛና አራተኛ ሳምንት ብቻ ነጥሎ የወሰደ ሰው «ዋጋው በአንድ ሳምንት በ24 በመቶ ናረ» ብሎ ቢጽፍ ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ያለፉትንና ቀጥሎ የመጣውን ሳምንት የጨመረ አንባቢ ግን ሌላ ታሪክ ያነባል።

ገበያ ላይ የሚምታቱት

በኢኮኖሚ ቋንቋ «የዋጋ ንረት» ወይም «ግሽበት» የሚባለው የሸቀጦችና የአገልግሎቶች አጠቃላይ የዋጋ ደረጃ እየጨመረ መሄድ ነው። የንረት መጠኑ ከወር ወር ሊዋዥቅ ይችላል፤ በአንዱ ወር 8 በመቶ፣ በሌላው 6፣ በቀጣዩ 9 በመቶ ሊሆን ይችላል። ይህ ግን ዋጋዎቹ ዋዠቁ ማለት አይደለም። መጠኑ ከ8 ወደ 6 በመቶ ሲወርድም ዋጋዎች መጨመራቸውን አላቆሙም፤ የጨመሩት በዝግታ ነው። በአደባባይ ክርክር ላይ ተደጋግሞ የሚታየው «ንረቱ ቀንሷል ከተባለ ዕቃው ለምን አልረከሰም?» የሚለው ቅሬታ የሚነሳው እነዚህ ሁለት ነገሮች ስለሚቀላቀሉ ነው።

የነዳጅ ዋጋ ታሪክ የተለያዩ የእንቅስቃሴ ዓይነቶችን ጎን ለጎን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1973 መጨረሻና በ1974 መጀመሪያ አንድ በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ ከ3 ዶላር ገደማ ወደ 12 ዶላር ገደማ ወጣ፤ ወደ 3 ዶላር ግን አልተመለሰም። ይህን መዋዠቅ ብሎ መጥራት ከእውነታው ጋር አይሄድም፤ መነሻው ራሱ ነው የተነሳው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2008 በርሜሉ ከ147 ዶላር በላይ ደርሶ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከ40 ዶላር በታች ወረደ፤ ይህ ወጥቶ መውረድ ቢኖርበትም አንድ ታላቅ መናርና አንድ ታላቅ መውደቅ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 20 ቀን 2020 ደግሞ የአሜሪካ ድፍድፍ ነዳጅ የቅርብ ወር ውል፣ ማለትም በቅርቡ ወር ነዳጅ ለመረከብ አስቀድሞ የሚገባ ውል፣ ከዜሮ በታች ወርዶ 37.63 ዶላር «ዕዳ» ሆኖ ተዘጋ፤ የማከማቻ ቦታ ጠብቦባቸው የነበሩ የውል ባለቤቶች ነዳጁን የሚረከባቸው ሰው ፈልገው ገንዘብ ከፈሉ። መዋዠቅ ከሚለው ቃል ጋር በትክክል የሚገጥሙት በእነዚህ መካከል ያሉት ጸጥ ያሉ ዓመታት ናቸው፤ ዋጋው በየሳምንቱ ጥቂት ዶላር እየወጣና እየወረደ በአንድ ክልል ውስጥ የሚሽከረከርባቸው ጊዜያት ማለት ነው። የሚገርመው ዜና የማይሠራባቸው እነዚህ መሆናቸው ነው።

የውጭ ምንዛሪን በተመለከተ ሌላ መምታታት አለ። «ተንሳፋፊ ምንዛሪ» ሥርዓት ነው፤ ይኸውም የገንዘቡን ዋጋ መንግሥት ከመወሰን ይልቅ ፍላጎትና አቅርቦት እንዲወስኑት መተው ነው። «የሚዋዥቅ ምንዛሪ» ግን የታየ ጠባይ ነው። ተንሳፋፊ የሆነ ገንዘብ ለወራት ሳይዋዥቅ ሊቆይ ይችላል፤ ወይም ሳይዋዥቅ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ሊሄድ ይችላል። የብሬተን ዉድስ ሥርዓት የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1944 የተነደፈውና ገንዘቦችን በቋሚ ተመን ከዶላር ጋር፣ ዶላርን ደግሞ ከወርቅ ጋር ያሰረው አሠራር እ.ኤ.አ. በ1971 መፍረስ ሲጀምርና በ1973 ታላላቅ ገንዘቦች ወደ መንሳፈፍ ሲሻገሩ፣ ክርክሩ በትክክል በዚህ ላይ ነበር፤ መንሳፈፍ መዋዠቅን ያስከትላል ወይስ ያረግባል?

ለዚህ የስዊዘርላንድ ፍራንክ ጥሩ ማሳያ ነው። የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2011 ጀምሮ አንድ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ ወለል አበጅቶ ነበር። ከሦስት ዓመት በላይ ምንዛሪው እምብዛም ሳይዋዥቅ ቆየ። እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 2015 ባንኩ ወለሉን በድንገት ሲያነሳ ፍራንኩ በደቂቃዎች ውስጥ እጅግ ተወደደ፤ በፍራንክ ተበድረው በሌላ ገንዘብ ገቢ የሚያገኙ ተበዳሪዎች ዕዳቸው በአንድ ጠዋት አደገባቸው። አለመዋዠቅ ሁልጊዜ መረጋጋት አይደለም፤ አንዳንዴ ታግዶ የተጠራቀመ ለውጥ ነው።

መዋዠቅና ለውጥ በአየር ንብረት

ሁለቱን ቃላት ማምታታት ከሁሉ የበለጠ ጉዳት የሚያደርሰው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ማዕቀፍ ስምምነት፣ «ለውጥ» የሚለውን ቃል በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ከሰው ልጅ ተግባር የሚመነጭና ከተፈጥሯዊው መዋዠቅ በላይ የሚጨመር አድርጎ ይተረጉመዋል። የአየር ንብረት ለውጥ ጥናቶችን የሚገመግመው የበይነ መንግሥታት የሳይንስ ቡድን (አይፒሲሲ) ግን ቃሉን ሰፋ አድርጎ፣ መንስኤው ተፈጥሮም ይሁን ሰው ለረጅም ጊዜ የሚቆይን ለውጥ ሁሉ ይጠራበታል። ሁለቱም ትርጓሜዎች የሚስማሙበት ነገር አለ፤ የአንድ ዓመት ድርቅ ወይም የአንድ ወቅት ሙቀት ብቻውን ለውጥ አይባልም። የዓለም የሜትሮሎጂ ድርጅት ለመነሻ የሚወስደው አማካይ የ30 ዓመት መሆኑም ከዚህ የመጣ ነው።

የተፈጥሯዊ መዋዠቅ ዋና ምሳሌ ኤልኒኞ ነው። በሐሩር ክልል ያለው የፓስፊክ ውቅያኖስ ማዕከላዊና ምሥራቃዊ ክፍል በየ2 እስከ 7 ዓመቱ ከተለመደው በላይ ይሞቃል፤ ተቃራኒው ላኒኛ ሲመጣ ደግሞ ይቀዘቅዛል። ልኩ ያልተስተካከለ ስለሆነ ዑደት ከማለት መዋዠቅ ማለት ይቀርበዋል። እ.ኤ.አ. የ1997–98 ኤልኒኞ ብርቱ ስለነበር 1998 በጊዜው እጅግ ሞቃት ዓመት ሆኖ ተመዘገበ። ቀጣዮቹ ዓመታት ከእሱ ዝቅ በማለታቸው «ሙቀት መጨመሩ ቆሟል» የሚል ክርክር ለብዙ ዓመታት ሲነገር ቆየ። ተከራካሪዎቹ ቁጥር አልፈጠሩም፤ የመዋዠቅን ጫፍ ወስደው ከአዝማሚያው ጋር አነጻጸሩ። በኋላ የሆነውን ለማየት አንድ ነገር ይበቃል፤ ላኒኛ የነበረባቸው 2021 እና 2022 እንኳ ከ1998 የበለጠ ሞቃት ሆነው ተመዘገቡ። የዛሬው ዝቅታ ከትናንቱ ከፍታ በላይ ሲሆን መዋዠቁ አልጠፋም፤ የሚዋዥቅበት መነሻ ግን ከፍ ብሏል።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 የዓለም አማካይ ሙቀት ከ1850–1900 አማካይ በ1.55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በለጠ ሲባል፣ የሙቀት መጨመርን ለመግታት አገሮች የተስማሙበት የፓሪሱ ስምምነት የ1.5 ዲግሪ ገደብ አበቃለት ብለው የጻፉ ነበሩ። ስምምነቱ የሚያመለክተው የረጅም ጊዜ አማካይን ነው፤ በዚያ ዓመት ሙቀት ላይ ደግሞ የኤልኒኞ እጅ ነበረበት። አንድን ከፍተኛ ዓመት እንደ ለውጥ ማንበብ፣ አንድን ዝቅተኛ ዓመት እንደ መቆም ከማንበብ በአሠራሩ አይለይም።

መዋዠቅ ሁልጊዜ ችግር ነውን?

ቃሉ ስለ ሰው ጠባይ ሲነገር ነቀፋ ስለሆነ፣ ያው ነቀፋ ወደ ሌላው አጠቃቀሙም ተከትሎ ይሄዳል። በኤሌክትሪክ ረገድ ነቀፋው ተገቢ ነው። የቮልቴጅ መዋዠቅ ማለት ኃይሉ ሳይቋረጥ ከተወሰነው ልክ በላይና በታች መሆኑ ነው፤ በአውሮፓ ለምሳሌ የቤት ቮልቴጅ 230 ሆኖ 10 በመቶ ከፍና ዝቅ ማለት ይፈቀዳል። ከዚያ ሲያልፍ ሞተሮችና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ይጎዳሉ፤ ስታቢላይዘር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። የኃይል መቆራረጥ ግን ሌላ ችግር ነው፤ ስታቢላይዘር ለጠፋ መብራት ምንም አያደርግም።

በሕያው አካል ውስጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የጤናማ ሰው ልብ በሁለት ምቶች መካከል የሚወስደው ጊዜ እኩል አይደለም፤ አየር ሲሳብ ይፈጥናል፣ ሲወጣ ይዘገያል። ይህ ጥቃቅን መዋዠቅ መቀነሱ በልብ ሕሙማን ላይ እንደ መጥፎ ምልክት ይታያል።

በገበያም ሁለት አመለካከቶች ይፎካከራሉ። አንደኛው ወገን የዋጋ መዋዠቅ መረጃ ነው ይላል፤ ዋጋ ሲወጣ አምራቹን «ጨምር»፣ ሸማቹን «ቆጥብ» ይላቸዋል፤ ይህን እንቅስቃሴ ማገድ መልእክቱን ማፈን ነው። ሌላው ወገን መልእክቱን ሰምቶ ምላሽ ለመስጠት ጊዜና ገንዘብ ያስፈልጋል ይላል። ዛሬ የሚተከል ቋሚ ሰብል ምርት የሚሰጠው ከዓመታት በኋላ ስለሆነ፣ በየወሩ የሚዋዥቅ ዋጋ ለአምራቹ ከመረጃነቱ ይልቅ ጫጫታነቱ ያመዝናል። በዚህ ጸሐፊ ግምት ሁለተኛው ክርክር ለትንንሽ አምራቾች ይበልጥ ይሠራል፤ ብዙ ካፒታል ያለው ነጋዴ ከመዋዠቅ ሊያተርፍ ሲችል፣ ለአንድ መጥፎ ወር የሚሆን መጠባበቂያ የሌለው ሰው ግን የሚቀጥለውን ጥሩ ወር ለማየት ሳይበቃ ከገበያው ይወጣል።

መፍትሔውም ከዚህ ይለያያል። ለመዋዠቅ የሚበጀው ማለዘቢያ ነው፤ የመጠባበቂያ ክምችት፣ ዋጋን አስቀድሞ የሚቆርጥ ውል፣ መድን ወይም ጊዜያዊ ድጎማ። እነዚህ ሁሉ የሚሠሩት በደጉ ጊዜ የተቀመጠው በክፉው ጊዜ ስለሚወጣ፣ ማለትም ዋጋው ስለሚመለስ ነው። ዋጋው የማይመለስ ከሆነ ክምችቱ ያልቃል፣ ድጎማው ዕዳ ይሆናል፤ ችግሩም ባለበት ይቀጥላል።

ባለቤት የሌለው ግስ

አንዳንድ የቋንቋ ተመልካቾች ቃል የሚተረጎመው በተጠቃሚዎቹ ስለሆነ፣ ሕዝቡ «መዋዠቅ»ን ለማንኛውም አለመረጋጋት ከተጠቀመበት ትርጉሙ ያ ሆኗል ይላሉ። ሐሳቡ በመርህ ደረጃ ትክክል ነው፤ ቃላት ይሰፋሉ። ሆኖም ሲሰፋ የጠፋውን የሚተካ ሌላ ቃል ካልተገኘ፣ ቋንቋው አንድ ልዩነት የመግለጽ አቅም ያጣል። አማርኛ ለአንድ አቅጣጫ እንቅስቃሴ «ናረ»፣ «አሻቀበ»፣ «አሽቆለቆለ»፣ «ተዳከመ» የሚሉ ቃላት አሉት፤ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ለሚሆነው ያልተስተካከለ እንቅስቃሴ ግን እንደ «ዋዠቀ» ያለ ሌላ አንድ ቃል ማግኘት ያስቸግራል።

ሰዋስዋዊ ጠባዩም የራሱ ውጤት አለው። «ዋዠቀ» ተሳቢ የማይወስድ ግስ ነው፤ ዋጋው በራሱ የሆነ ያህል ይነገራል። «አዋዠቀ» ማለት ቢቻልም በዜና ውስጥ እምብዛም አይገኝም። አምራች አገሮች የምርት መጠን ለመቀነስ ተስማምተው ዋጋ ሲወጣ «ዋጋው ዋዠቀ» ማለት ከወሳኞቹ ላይ ውሳኔውን አንስቶ ለአየር እንደ መስጠት ነው። በአንጻሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ገዢዎችና ሻጮች ሳይነጋገሩ የሚፈጥሩት እንቅስቃሴ በእርግጥም አንድ ባለቤት የለውም፤ እዚያ ቃሉ ሐቀኛ ነው።

ለጸሐፊና ለአርታኢ ከዚህ የሚከተለው ሥራ ቀላል ነው፤ «ዋዠቀ» ከሚለው ቃል ጎን ከየት እስከ የት እና በምን ያህል ጊዜ ውስጥ የሚሉትን ማስቀመጥ። ሁለት ምናባዊ ዓረፍተ ነገሮችን ማነጻጸር ይቻላል። «ዋጋው ባለፉት ሦስት ወራት በ70 እና በ85 ዶላር መካከል ሲወጣና ሲወርድ ቆይቶ ዛሬ 76 ላይ ይገኛል» የሚለው አንደኛው ነው። «ዋጋው ባለፉት ሦስት ወራት ከ70 ተነስቶ 85 ዶላር ደርሷል» የሚለው ሌላው ነው። የመጀመሪያው ውስጥ «ዋዠቀ» ቢገባ ቦታውን ያገኛል፤ ሁለተኛው ውስጥ ከገባ ግን አንባቢው 15 ዶላር መጨመሩን ሳያውቅ ገጹን ይገልጣል።